ጤና ጣቢያን ለአዲሱ የበሽታዎች ኮድና ለኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ማዘጋጀት

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ በፊት ሐሙሲትን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ የጣና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ለሩዝ እርሻ የተመቸ የመሆኑን ያህል ለወባ ትንኝም የተመቸ ነው። ከአካባቢው ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ በአረምና በአጨዳ ወራት ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ወርደው ይመለሳሉ። በዚህ መስመር በሚገኝ ጤና ጣቢያ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ጤና መኮንን ወይም ነርስ በአንድ ጠዋት ትኩሳት ያለባቸውን በርካታ ሰዎች ይመረምራል፤ በእያንዳንዳቸውም ካርድ ላይ የበሽታውን ስም ይጽፋል።

ያ የበሽታ ስም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከካርዱ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ታሊ፣ ከታሊው ወደ ወር ሪፖርት እየተገለበጠ ይሄድ ነበር። አሁን ግን በዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት ኮድ እንዲሰጠውና በኮምፒዩተር እንዲመዘገብ ይፈለጋል። ብዙ ተቋማት ለዚህ ለውጥ መዘጋጀት ሲባል ኮምፒዩተር ማስገባትና ገመድ መዘርጋት ብቻ መስሎ ይታያቸዋል። እርግጥ ነው፣ ያለ መሣሪያ ሥራው አይሠራም። ይሁን እንጂ ኮድ ከተጻፈው ምርመራ የተሻለ ሊሆን አይችልም፤ ኮምፒዩተርም የተሳሳተውን ቃል አያርመውም፤ ስሕተቱን በፍጥነት ያሠራጨዋል እንጂ። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት በምርመራ ክፍልና በካርድ ክፍል የሚሠራ፣ መሣሪያው ከመምጣቱም በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአዲሱን ምደባ ምንነት፣ ከአካባቢው ታሪክ የሚገኘውን ትምህርትና አንድ ጤና ጣቢያ በቅደም ተከተል ሊያደርገው የሚገባውን ዝግጅት ማስረዳት ነው።

የበሽታዎች ምደባ ከየት መጣ?

በሽታዎችን በአንድ ወጥ ዝርዝር የመመደብ ሥራ የተጀመረው ከሞት ምክንያቶች ነው። ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ ቤርቲዮን ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም ስብሰባ ተቀባይነት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነቱን ተረክቦ 6ኛውን ክለሳ ሲያወጣ የሞት ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሰዎችን ወደ ሕክምና የሚያመጡ በሽታዎችና ጉዳቶችም በዝርዝሩ ተካተቱ። 10ኛው ክለሳ፣ በተለምዶ አይ.ሲ.ዲ. 10 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ጸደቀ። 11ኛው ክለሳ ደግሞ በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022) ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ።

በአገራችን ጤና ሚኒስቴር በመጀመሪያ ከአይ.ሲ.ዲ. 10 የተውጣጣ ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አዘጋጅቶ በሪፖርት ሥርዓቱ ውስጥ አስገብቷል። ቀጥሎም ከ11ኛው ክለሳ ለአገሪቱ የተመጠነና የተቃለለ ቅጂ አዘጋጅቷል። ሙሉው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ምድቦችን ስለሚይዝ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል እንዳለ ይሠራበት ማለት አይቻልም። የተቃለለው ቅጂ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የሁለቱ ክለሳዎች የኮድ አሠራር ይለያያል። በ10ኛው ክለሳ ኮዱ በላቲን ፊደል ይጀምርና ቁጥሮች ይከተላሉ። በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የፋልሲፓረም ወባ ቢ50፣ የቫይቫክስ ወባ ቢ51፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ ወባ ቢ54 ነው። በ11ኛው ክለሳ የመጀመሪያው ምልክት ምዕራፉን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ምልክት ምንጊዜም ፊደል ነው። በዚህ መሠረት የፋልሲፓረም ወባ 1ኤፍ40፣ የቫይቫክስ ወባ 1ኤፍ41 ይሆናል። ጥገኛ ተሕዋሲው በምርመራ ሳይታይ ወባ ተብሎ የታከመ ሰው ደግሞ 1ኤፍ45 የሚል የራሱ ኮድ አለው። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት በ10ኛው ክለሳ አር50.9፣ በ11ኛው ኤምጂ26 ነው። በእጅ ጽሑፍ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ኦ እና አይ የተባሉት የላቲን ፊደላት በአዲሱ ኮድ ውስጥ አይገቡም። ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ኮድ ውስጥ ከሁለቱ ፊደላት አንዱ ከታየ ኮዱ በስሕተት እንደተገለበጠ ወዲያው ይታወቃል።

ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ የሚገኝ ትምህርት

አንድ የምርመራ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከፎገራ በስተ ሰሜን በምትዋሰነው በሊቦ ከምከም ወረዳ በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ። ከዚያ በፊት በሽታው የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ ነበር፤ በዚህ ደጋማ አካባቢ የተመዘገቡ ታማሚዎች ጥቂት ነበሩ። በመሆኑም ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይዟቸው፣ ሰውነታቸው እየከሳ፣ ጣፊያቸው እያበጠ የመጡት ሰዎች በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደያዛቸው ተገምቶ ነበር። ትክክለኛው የበሽታው ስም ሲታወቅ ብዙ ሰው አልቆ ነበር።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል አቋቋመ። ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. ድረስ በማዕከሉ የታከሙት ሰዎች መዝገብ ኋላ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከታካሚዎቹ መካከል ግማሾቹ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ ከመቶው 78 ያህሉ ወንዶች ነበሩ። ሕክምና ላይ ሳሉ የሞቱት ከመቶ አራት ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 እስከ 29 ዓመት ከነበሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ኤች.አይ.ቪ.፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ የሰውነት እብጠትና ትውከት ከሞት ጋር የተያያዙ ምክንያቶች ሆነው ተገኙ። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጣሪያው ላይ ደርሶ በሁለት ወረዳዎች ከተስፋፋ በኋላ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ከቦታው የማይጠፋ በሽታ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ ዛሬ ስለ በሽታው የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው በጥንቃቄ ከተሞላ የታካሚ መዝገብ ነው። ዕድሜው፣ ጾታው፣ እብጠቱ፣ ትውከቱ በየካርዱ ባይጻፍ ኖሮ ለየትኛው ታካሚ ይበልጥ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ባልተቻለ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ለወባ መድኃኒት የማይበገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ተብሎ ሲመዘገብ ሪፖርቱ የሚያሳየው የወባ መብዛትን ብቻ ነው። በዚያው ቦታ «ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» የሚል መስመር በየወሩ ከፍ እያለ ቢታይ ኖሮ ግን ቁጥሩ ራሱ ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ኮድ ብቻውን ወረርሽኝን አያቆምም። ነገር ግን በሐቀኝነት የተጻፈ «አልታወቀም» በግምት ከተጻፈ የበሽታ ስም ይልቅ ለሕዝብ ጤና የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

የጥያቄ ምልክቱ የት ይሄዳል?

በተመላላሽ ሕክምና ካርዶች ላይ «ወባ?»፣ «ታይፎይድ ይሆናል»፣ «ወባና ታይፎይድን ለማጣራት» የሚሉ አጻጻፎች የተለመዱ ናቸው። ጻፊው ባለሙያ ጥርጣሬውን መግለጹ ነው፤ የሚያነበው ሌላ ባለሙያም ይህን ይረዳዋል። ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ ይመራል። የዓለም ጤና ድርጅት የአይ.ሲ.ዲ. 10 መመሪያ እንደሚያዘው ሕክምናው ሲጠናቀቅ ዋናው በሽታ «የተጠረጠረ» ተብሎ ብቻ ከቀረና ሌላ ማብራሪያ ከሌለ፣ የተጠረጠረው በሽታ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። በሌላ አነጋገር በካርዱ ላይ የነበረው የጥያቄ ምልክት በኮዱ ውስጥ አይገኝም። በ11ኛው ክለሳ ምርመራው ጊዜያዊ መሆኑን የሚያመለክቱ ተጨማሪ ምልክቶች ቢኖሩም፣ ባለሙያው በግልጽ ካልጻፈው ማንም ሊጨምራቸው አይችልም።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ19 ዓመት ወጣት ለሦስት ሳምንት በቆየ ትኩሳት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። የደም ፊልም ምርመራው ወባ አላሳየም። ባለሙያው «ወባ?» ብሎ ጽፎ የወባ መድኃኒት ቢሰጠው፣ ይህ ወጣት በወሩ ሪፖርት ላይ የወባ ታማሚ ሆኖ ይቆጠራል። ባለሙያው «ለሦስት ሳምንት የቆየ ትኩሳት፤ የደም ፊልም ነጋቲቭ፤ ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ይዳሰሳል፤ ባለፈው መኸር ለቀን ሥራ መተማ ነበር፤ ምክንያቱ ገና አልታወቀም» ብሎ ቢጽፍ ግን ኮዱ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይሆናል። የሚቀጥለው ባለሙያም ካላዛርን ማሰብና ታካሚውን ወደሚመረመርበት ተቋም መላክ እንዳለበት ከካርዱ ይረዳል። በዚህ አጻጻፍ የሚጠቀመው አስቀድሞ ወጣቱ ነው፤ ሪፖርቱ ከእርሱ በኋላ ይመጣል።

ከዚህ በመነሳት ለተመላላሽ ክፍል የሚሆኑ ሦስት ቀላል ደንቦችን ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጨረሻ አንድ ዋና ምርመራ በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ ሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎች ካሉ ከሥሩ በተራ ይዘርዘሩ። ሁለተኛው፣ ምርመራው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ወይም በምልክት ብቻ የተወሰነ መሆኑ ይገለጽ። ሦስተኛው፣ ምርመራው ካልታወቀ ምልክቱ ራሱ እንደ ምርመራ ይጻፍ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም የራሳቸው ኮድ አላቸው፤ እነርሱን መጻፍ የሙያ ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አሕጽሮተ ቃላትም ሊታሰብባቸው ይገባል። አንዱ ክፍል ለአንድ በሽታ የሚጠቀምበት አሕጽሮት በሌላው ክፍል ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በአንድነት ተቀምጠው የተፈቀዱ አሕጽሮቶችን በአንድ ገጽ ቢያወጡና በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ በግምት ከመሥራት ይድናል።

ሪፖርት ሌላ፣ የታካሚ መዝገብ ሌላ

ሁለት ሥርዓቶች በስም ስለሚቀላቀሉ መለየት ያስፈልጋል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተሻሻለው የጤና መረጃ ሥርዓት ተቋማት በየወሩ የሚልኩትን ድምር ቁጥር የሚመለከት ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሪፖርት የሚገባበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሶፍትዌርም ይህንኑ ድምር ለወረዳ፣ ለዞን፣ ለክልልና ለሚኒስቴሩ ያደርሳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «በዚህ ወር ይህን ያህል የፋልሲፓረም ወባ ታማሚ ታየ» የሚለው ይገኛል፤ ታማሚው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ደግሞ የእያንዳንዱን ታካሚ ታሪክ፣ ምርመራና መድኃኒት ይይዛል፤ ድምሩን ራሱ ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥርዓት መኖሩ ሁለተኛውን አይተካም፤ በሁለተኛው ላይ የሚፈጸም ስሕተትም በቀጥታ በመጀመሪያው ላይ ይታያል።

ኢትዮጵያ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ረገድ ጀማሪ አይደለችም። ስማርት ኬር የተባለው ሶፍትዌር ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በበርካታ ሆስፒታሎች ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአምስት ሆስፒታሎች ግምገማ ግን ከተጠቃሚ ባለሙያዎች መካከል አብዛኞቹ በሥርዓቱ እንዳልረኩ አሳይቷል። በወረቀትም በኮምፒዩተርም ሁለት ጊዜ መጻፍ ግዴታ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሲቆም፣ ሠልጣኙ ሲዛወር ተተኪ ሲታጣ ባለሙያው ወደ ለመደው ካርድ መመለሱ የማይቀር ነው።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። አሜሪካ ወደ አይ.ሲ.ዲ. 10 የተሸጋገረችው ብዙ ጊዜ ቀነ ገደቡን ካራዘመች በኋላ በመስከረም 20 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015) ነበር። በዚያ አገር የሽግግሩ ትልቁ ጭንቀት የኢንሹራንስ ክፍያ መቋረጥ ነበርና፣ የግል ክሊኒኮች ጭምር ከቀነ ገደቡ በፊት የራሳቸውን መዝገብ እየገለበጡ በየቀኑ የሚጽፏቸውን ምርመራዎች በአዲሱ ኮድ መሞከር ነበረባቸው። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ የሙከራ ልማድ ነው።

ካርድ ክፍል፦ ስም፣ ፊደል፣ ዕድሜና ዘመን

ታካሚው ሁለት ካርድ ካለው ኮምፒዩተር ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በአገራችን ለዚህ ስሕተት የሚያጋልጡ ልዩ ምክንያቶች አሉ። አንዱ ፊደላችን ነው። ሐሙሲት ራሷ በሦስት ዓይነት «ሀ» ልትጻፍ ትችላለች፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በስም አጻጻፍ ላይ እንደ ጻፊው ይለዋወጣሉ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው በፍለጋ ጊዜ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። የካርድ ክፍሉ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ድምፅ አንድ ፊደል መርጦ በመመዝገቢያው ላይ እርሱን ብቻ ቢጠቀም ችግሩ ይቀንሳል። ይህም የሰውን ስም ለመለወጥ ሳይሆን በፍለጋ ጊዜ እንዲገኝ ለማድረግ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የስም ዓይነት ነው። አንዳንዱ ታካሚ አንድ ጊዜ በቤት ስሙ፣ ሌላ ጊዜ በመጠሪያ ስሙ ይመዘገባል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ከተቻለም ስልክ ቁጥር አብረው ከተያዙ ማጣራት ይቻላል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ታካሚ በየመጣበት የተለያየ ዕድሜ ይናገራል። በመሆኑም ዕድሜ ሲገመት ግምት መሆኑ ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ጊዜም በአዲስ ግምት አይተካ።

አራተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ወርኃዊው የጤና ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ባለው የኢትዮጵያ ወር ይሠራል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ግን ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሠራል፤ ጳጉሜንም አያውቃትም። የክትባት፣ የወሊድና የነቀርሳ ቀጠሮ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚገባ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ የሕፃኑ ክትባት ቀን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለውን ትልቅ ስሕተት ማየት ቀላል ነው። በዓይን የማይታየው በጥቂት ቀናት የሚፈጠረው ልዩነት ነውና ጥንቃቄው ለእርሱ ይሁን።

የጤና መድንና የተጻፈው ምርመራ

ኮድ በአገራችን የክፍያ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተሳሰብ ነበር። ይህ ተለውጧል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገሪቱ ባሉ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ ፎገራ ነበር። በዚህ ሥርዓት ጤና ጣቢያው ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ክፍያ ይጠይቃል። በካርዱ ላይ የተጻፈው ምርመራ፣ የታዘዘው የላቦራቶሪ ምርመራና የተሰጠው መድኃኒት እርስ በርሳቸው ካልተጣጣሙ ተቋሙ ለሠራው ሥራ የሚገባውን ክፍያ ለማግኘት ይቸገራል። ሆኖም ምርመራውን ከክፍያው ጋር እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ሌላ ጥፋት ነው። መፍትሔው ምርመራውን እንዳለ መጻፍ፣ መድኃኒቱንም ከምርመራው ማስነሳት ነው።

ምስጢር መጠበቅ

የተቆለፈ ካርድ ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ይታወቃል። የኮምፒዩተር ቁልፍ የይለፍ ቃል ነው፤ ይህም ለሁሉም አንድ ከሆነ ማን ምን እንዳየ አይታወቅም። በሐሙሲትም ሆነ በወረታ ሠራተኛውና ታካሚው የሚተዋወቁ፣ አንዳንዴም ዘመድ የሆኑ በመሆናቸው ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የኤች.አይ.ቪ. ውጤት፣ የአእምሮ ሕመም፣ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት መሆን የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በኮምፒዩተር የሚያዝ መረጃን ይመለከታል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይይ፤ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ።

መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራና በደንቢያ የደረሰው ጎርፍ ወረቀት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ያስታውሳል። በቅርብ ዓመታት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ካርድም ኮምፒዩተርም አልተረፈም። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት በመስመር ላይ ብቻ የሚሠራ መዝገብ ለዚህ አካባቢ እንደማይበቃ ነው። የሚመረጠው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት በጤና ጣቢያው ውስጥ መሥራትና ግንኙነቱ ሲመለስ መረጃውን መላክ የሚችል ሊሆን ይገባል። መጠባበቂያ ቅጂም በየሳምንቱ ተወስዶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭ በታወቀ መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ አጭር የወረቀት ቅጽም በየክፍሉ ይዘጋጅ። መብራት ሲመለስም መረጃውን ማን ወደ ኮምፒዩተር እንደሚያስገባ ከወዲሁ ይወሰን።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል

አንድ ጤና ጣቢያ የሚከተለውን ሥራ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀምር ይችላል።

1. አስተባባሪ መመደብ። ከሕክምና ባለሙያዎች አንድ፣ ከካርድ ክፍል አንድ፣ እንዲሁም የጤና መረጃ ቴክኒሺያኑ ያሉበት ትንሽ ቡድን ይቋቋም። ሥራው ለቴክኒሺያኑ ብቻ ከተተወ ምርመራ የሚጽፉት ባለሙያዎች የራሳቸው ጉዳይ አድርገው አይቆጥሩትም።

2. ያለውን ሁኔታ መመርመር። ካለፈው ሩብ ዓመት 50 ካርዶች በዕጣ ወጥተው ምርመራው በግልጽ ተጽፏል ወይ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ከካርዱ ጋር ይስማማል ወይ ተብሎ ይታይ። በየወሩ በ12 የመረጃ ነጥቦች የሚደረገው የሪፖርት ጥራት ፍተሻ ለዚህ የተለመደ መነሻ ነው፤ እርሱ ግን መዝገቡንና ሪፖርቱን ያመሳክራል እንጂ ወደ ካርዱ ብዙም አይወርድም።

3. የተቋሙን አጭር ዝርዝር ማውጣት። ከዚያው መዝገብ በብዛት የሚጻፉት ምርመራዎች ተለቅመው ከብሔራዊው ምደባ ጋር ይያያዙ። ወባ በዓይነቱ፣ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የቆዳ በሽታ፣ ጉዳት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር የመሳሰሉት በአንድ ገጽ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ካላዛርም ቁጥሩ ትንሽ ነው ተብሎ ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም፤ በዝርዝሩ የሌለ በሽታ ይረሳልና።

4. በአንድ ክፍል መሞከር። ለአንድ ወር በአንድ ተመላላሽ ክፍል ብቻ በካርዱ ላይ ከምርመራው ጎን ኮድ ይጻፍ። በየሳምንቱ ዓርብ የተሳሳቱት ይታዩ። ኮምፒዩተር ባይኖርም ይህ ልምምድ ይሠራል።

5. ካርድ ክፍሉን ማጥራት። ድርብ ካርዶች ይዋሐዱ፤ የፊደልና የዘመን አቆጣጠር ደንብ ይለጠፍ። የተምታታ የወረቀት ማኅደር ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ምቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

6. የድርብ ጽሑፍን ጊዜ መወሰን። በሽግግር ወቅት በወረቀትም በኮምፒዩተርም መጻፍ አይቀርም። የሚያበቃበት ቀን ግን አስቀድሞ ይነገር።

7. ውጤቱን ለጻፊው መመለስ። የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በየወሩ ሲሰበሰብ የኮዱ ድምር ለተመላላሽ ክፍሉ ሠራተኞች ይታይ። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከፍ ካለ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ዕድሜ ተብሎ ይጠየቅ። ከጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚመጣው ወሬም ከዚህ ጋር ይመሳከር።

ማጠቃለያ

አዲሱ የበሽታዎች ምደባና ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ለጤና ባለሙያው ተጨማሪ ሥራ መስሎ መታየቱ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ወራትም በእርግጥ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሆኖም የሚጠየቀው ነገር በመሠረቱ አዲስ አይደለም፤ ታካሚውን መርምሮ የተገኘውን እንደተገኘ፣ ያልተገኘውንም እንዳልተገኘ አድርጎ መጻፍ ነው። ከ1997 ዓ.ም. በፊት በሊቦ ከምከም ትኩሳት ይዟቸው የሞቱት ሰዎች የበሽታቸው ስም ሳይታወቅ ተቀብረዋል። በፎገራ ሜዳ ዛሬም ከቆላ ተመልሶ ለሳምንታት የሚያተኩሰው ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ኮዱም ሆነ ኮምፒዩተሩ ለዚህ ወጣት የሚጠቅመው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ባለሙያ ሆዱን ዳስሶ፣ የት እንደነበረ ጠይቆ፣ ያገኘውን በሙሉ ቃል ሲጽፍለት ነው።